የትኛው ሃይድሮጂን ይለወጣል? ከላቦራቶሪ ጠብታ እስከ ደጋ ምንጭ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በቅርቡ ከዓስር ሶላት በኋላ ለኬሚስትሪ፣ ለፋርማሲና ለጤና ተማሪዎች ባዘጋጀነው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ የሃይድሮጂንና የዲዩቴሪየም ልውውጥን እየሠራን ነበር። ሰሌዳው በቀመር ሞልቶ ሳለ ከቀየት የመጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን እጁን አወጣ። “ፈተናውንስ እናልፈው ይሆናል፤ ግን ይሄ ነገር ለቀየት ሰው ምን ይረባዋል?” አለ። ሁላችንም ሳቅን። ያን ዕለት የሰጠነው መልስ ግን ለራሳችንም አላረካንም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ በደንብ ልንመልሰው እንሞክራለን።

መልሱን ለማግኘት አንድ ነገር ብቻ በደንብ መያዝ ይበቃል፦ በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ያሉ ሃይድሮጂኖች ሁሉ እኩል አይለዋወጡም። አንዳንዶቹ ውሃ ሲያገኙ ወዲያው ቦታቸውን ለሌላ ይለቃሉ፤ ሌሎቹ ዓመታት ቢያልፉም ንቅንቅ አይሉም። ይህን ልዩነት የለየ ተማሪ ፈተናውንም፣ የሕመምተኛን ሰውነት ልኬትም፣ የምንጭ ውሃን መነሻም በአንድ ዓይን ማየት ይችላል።

ዲዩቴሪየም ምንድን ነው?

ተራው ሃይድሮጂን በኒውክለሱ ውስጥ አንድ ፕሮቶን ብቻ አለው። ዲዩቴሪየም ደግሞ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ስላለው ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ኤሌክትሮኑ አንድ ስለሆነ ጠባዩ ሃይድሮጂን ነው፤ የሚሠራቸው ውሁዶችም እነዚያው ናቸው። ያገኘው አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሬ ሲሆን ዘመኑም 1931 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በ1934 በዚሁ ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዲዩቴሪየም ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አይደለም። በባሕር ውሃ ውስጥ ካሉ 6,400 ገደማ ሃይድሮጂኖች አንዱ ዲዩቴሪየም ነው። ለውዱእ በምንቀዳው በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ሃይድሮጂኑ ተራ፣ ሌላው ከባድ የሆነ ውሃ የአንድ ግራም ሲሦ ያህል አለ። ሁለቱም ሃይድሮጂኖቹ ዲዩቴሪየም የሆኑለትን ውሃ ደግሞ “ከባድ ውሃ” እንለዋለን። ይህ ውሃ ከተራው ውሃ 11 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ የሚረጋው በ3.8 ዲግሪ፣ የሚፈላው በ101.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት አንድ ነጥብ እዚህ ላይ እናንሳ። “አይሶቶፕ” የሚለውን ቃል ስንሰማ ጨረር ወደ አእምሯችን ይመጣል። ዲዩቴሪየም ግን ጨረር አያወጣም፤ የረጋ አይሶቶፕ ነው። ጨረር የሚያወጣው ሦስተኛው ወንድሙ ትሪቲየም ነው። ነገ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተን ለእናቶችና ለሕመምተኞች የምናስረዳ የጤና ተማሪዎች ይህን ከልብ መያዝ አለብን።

ልውውጡ እንዴት ይከናወናል?

ኤታኖልን እንውሰድ። ስድስት ሃይድሮጂኖች አሉት፤ አምስቱ ከካርቦን ጋር፣ አንዱ ከኦክስጅን ጋር ተያይዘዋል። ኤታኖሉ ላይ ከባድ ውሃ ጨምረን ብንወዘውዘው ከኦክስጅን ጋር ያለው ሃይድሮጂን ወዲያው ወደ ውሃው ይሄድና በቦታው ዲዩቴሪየም ይገባል። አምስቱ ግን ባሉበት ይቀራሉ። በኤን ኤም አር መሣሪያ ብናየው የአንዱ ሃይድሮጂን ፒክ ይጠፋል፤ የአምስቱ ፒኮች ይቆያሉ። ኬሚስቶች አንድ የማይታወቅ ውሁድ ውስጥ የአልኮል ወይም የአሲድ ሃይድሮጂን መኖሩን የሚያጣሩበት ቀላል ዘዴ ይኸው ነው።

ምክንያቱ የአሲድና የቤዝ ጉዳይ ነው። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ኤሌክትሮኖችን አጥብቀው ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር ያለው ሃይድሮጂን እንደ ፕሮቶን ተላቆ መሄድ ይቀለዋል። በእነዚሁ አተሞች ላይ ትርፍ ጥንድ ኤሌክትሮን ስላለም አዲስ የመጣውን ይቀበላሉ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ካርቦን ግን ሃይድሮጂኑን በቀላሉ አይለቅም፤ የሚቀበልበት ትርፍ ጥንድም የለውም።

እስቲ ሁላችንም በምናውቃቸው ነገሮች እንፈትነው። ፓራሲታሞል ዘጠኝ ሃይድሮጂኖች አሉት። ቶሎ የሚለወጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከኦክስጅን፣ አንዱ ከናይትሮጅን ጋር ያለው። አስፕሪን ስምንት ሃይድሮጂኖች አሉት፤ የሚለወጠው የአሲዱ አንድ ብቻ ነው። ግሉኮስ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ አምስቱን ይለውጣል፤ ሰባቱ ከካርቦን ጋር ስለሆኑ ይቆያሉ። የፈተና ጥያቄ ሲመጣ “ስንት ሃይድሮጂን አለው?” ብለን ከመቁጠራችን በፊት “እያንዳንዱ ከማን ጋር ተያይዟል?” ብለን እንጠይቅ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ የካርቦን ሃይድሮጂኖች ፈጽሞ አይለወጡም ማለት አይደለም። አሴቶን ስድስቱም ሃይድሮጂኖቹ ከካርቦን ጋር ናቸው፤ በተራ ከባድ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይለዋወጥም። ጥቂት ቤዝ ሲጨመርበት ግን ከካርቦኒሉ አጠገብ ያሉት ሃይድሮጂኖች ቀስ እያሉ ይላቀቃሉ፤ በቂ ጊዜና በቂ ከባድ ውሃ ካለ ስድስቱም ዲዩቴሪየም ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ልውውጡ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን የሚመለስም ነው። ዲዩቴሪየም የገባበትን ኤታኖል በተራ ውሃ ብናጥበው ተራው ሃይድሮጂን ተመልሶ ይገባል። የትኛው ይበዛል የሚለውን የሚወስነው በዋናነት በዙሪያው ያለው የውሃ ብዛት ነው።

በፕሮቲን ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይመጣል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ካይ ሊንደርስትሮም-ላንግ የፕሮቲን ሃይድሮጂኖች በተለያየ ፍጥነት እንደሚለዋወጡ አጠና። በፕሮቲኑ ገላ ላይ የተጋለጡት ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቁት ይዘገያሉ። ስለዚህ ፍጥነቱን በመለካት የፕሮቲኑን አጣጣፍ፣ መድኃኒትም የት ላይ እንደሚያርፍበት ማወቅ ይቻላል። ልውውጡን ማቆም ሲፈለግ አሲድነቱን ወደ ፒኤች 2.5 አካባቢ አድርሶ ወደ 0 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ነው፤ የፕሮቲን ጀርባ ሃይድሮጂኖች በዚያ ሁኔታ እጅግ ይዘገያሉና።

ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ

አሁን ከላቦራቶሪው እንውጣ። በአንድ ጋን ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ሳናፈስ ማወቅ ብንፈልግ ምን እናደርጋለን? መጠኑ የታወቀ ጨው ጨምረን እናማስላለን፤ ከዚያ ጥቂት ቀድተን ምን ያህል እንደቀጠነ እንለካለን። ብዙ ከቀጠነ ውሃው ብዙ ነው። በሰው ላይም ይኸው ይሠራል። ሰውየው መጠኑ የታወቀ ጥቂት ከባድ ውሃ ይጠጣል፤ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ ከምራቁ ወይም ከሽንቱ ተወስዶ ዲዩቴሪየሙ ይለካል። ጆርጅ ዴ ሄቬሲና ባልደረባው ሆፈር ይህን መንገድ የጀመሩት በ1934 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ዲዩቴሪየም ከተገኘ ገና ሦስት ዓመቱ።

ይህ በአገራችንም ተሠርቶበታል። በጅማ ዞን የጸረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ 318 አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ተሳታፊዎቹ በቀን 200 ግራም ተጨማሪ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። የጥናቱ ጥያቄ ክብደታቸው ጨመረ ወይ የሚል ብቻ አልነበረም፤ የጨመረው ምንድን ነው የሚል ነበር። ሚዛን ስብን ከጡንቻ አይለይም። መድኃኒት የጀመረ የከሳ ሰው አቅም የሚያገኘው ደግሞ ጡንቻው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ስብ ያልሆነውን የሰውነት ክፍል በዲዩቴሪየም ለኩት። ተጨማሪ ምግቡን የወሰዱት በክብደትም፣ ስብ ባልሆነው የሰውነት ክፍልም ካልወሰዱት በልጠው ተገኙ።

እዚህ ላይ የላቦራቶሪው ልውውጥ ተመልሶ ይመጣል። የጠጣነው ዲዩቴሪየም በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ብቻ አይቆይም። በፕሮቲኖቻችንና በሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ካሉት ሃይድሮጂኖች ጋር ይለዋወጣል። ልክ ጋናችን ራሱ ጥቂት ጨው እንደመጠጠ ነው፤ ውሃው ከእውነተኛው መጠኑ የበዛ ይመስለናል። በዚህ የተነሳ በዲዩቴሪየም የተለካው ከእውነተኛው የሰውነት ውሃ በ4 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ የተለመደው ማረሚያም ለ1.041 ማካፈል ነው።

አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል። በምሳሌ እንየው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ተለክታ 31.2 ኪሎ ውሃ አላት ተባለ እንበል። ለ1.041 ስናካፍለው እውነተኛው 30 ኪሎ ነው። ስብ ያልሆነ የአዋቂ ሰው አካል 73.2 በመቶው ውሃ ስለሆነ፣ 30 ለ0.732 ሲካፈል 41 ኪሎ ስብ ያልሆነ አካል፣ 9 ኪሎ ስብ ይሰጠናል። ማረሚያውን ብንረሳው ግን 42.6 ኪሎ እና 7.4 ኪሎ እናገኛለን። የሌለ 1.6 ኪሎ ሥጋ በወረቀት ላይ ጨመርንላት ማለት ነው! በአንድ ሰው ላይ በፊትና በኋላ የተደረጉ ልኬቶችን ስናነጻጽር ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋል። የአንድን ሰው ሁኔታ በራሱ ስንፈርድ ወይም ከሌላ መሣሪያ ውጤት ጋር ስናስተያይ ግን የከሳችውን ሴት “ደህና ናት” ሊያስብለን ይችላል። ሰሌዳው ላይ ያለችው የአልኮል ሃይድሮጂን ይህን ያህል ዋጋ አላት።

የእናት ጡት ወተት

በዚሁ መንገድ ሌላም ነገር ይለካል። እናት 30 ግራም ከባድ ውሃ ትጠጣለች። ዲዩቴሪየሙ በሰውነቷ ውሃ ውስጥ ይሠራጭና በወተቷ በኩል ወደ ሕፃኑ ይገባል። በ14 ቀናት ውስጥ ከእናትም ከሕፃንም ምራቅ በጥጥ ይወሰዳል። የእናቲቱ ዲዩቴሪየም ቀስ በቀስ ሲቀንስ የሕፃኑ መጀመሪያ ይጨምራል፤ በኋላ ይቀንሳል። ከሁለቱ መስመሮች ሕፃኑ በቀን ስንት ወተት እንደጠባ ይሰላል። ከዚያም በላይ፣ ከጡት ውጭ ሌላ ውሃ መጠጣቱ ይታወቃል።

ምራቁ የሚለካው በብዙ ቦታ በኢንፍራሬድ መሣሪያ ነው። እዚህም ልውውጡ ራሱ ሥራውን ያግዛል። የተጠጣው ከባድ ውሃ ከሰውነት ውሃ ጋር ሲቀላቀል ዲዩቴሪየሞቹ ይበተኑና አንድ ተራ፣ አንድ ከባድ ሃይድሮጂን ያለው ውሃ ይሆናል። መሣሪያውም የኦክስጅንና የዲዩቴሪየምን ትስስር ከተራው ውሃ ምልክት ርቆ በሚገኝ ቦታ ለይቶ ያነባል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። እናቶች ሲጠየቁ የሚሉትና በዲዩቴሪየም የሚለካው ግን በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ተለያይቶ ተገኝቷል፤ “ጡት ብቻ” የሚለው መልስ ከልኬቱ ይበዛል። እናቶቹ ዋሹ ማለት አይደለም። አያት ጥቂት ውሃ በጣቷ ታቀምሰዋለች፣ ለሆድ ቁርጠት ተብሎ የሆነ ነገር ይሰጠዋል፤ እናትም እንደ ምግብ አትቆጥረውም። በቤታችን የምናውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ለእናቶች ስናስተምር በአክብሮት፣ ትንሿንም ጉንጭ በስሟ ጠርተን እንድንጠይቅ ልኬቱ ያስተምረናል።

የደጋው ውሃ

አሁን ወደ ወንድማችን አገር እንመለስ። በሰውነት ውስጥ ልውውጥ ልኬትን ሲያዛባ አየን። በመሬት ውስጥ ግን የልውውጡ አለመኖር ነው የሚጠቅመን። ድንጋይ በብዛት የያዘው ኦክስጅንና ሲሊከን ነው፤ ሃይድሮጂን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የዝናብ ውሃ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ዲዩቴሪየሙን የሚለዋውጠው አያገኝም፤ ሲዘንብ የያዘውን አሻራ ይዞ ይጓዛል።

በአገራችን ጥሩ ምስክር የአሉቶ-ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶች ናቸው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቆፈሩት እነዚህ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚያወጡት እጅግ የጋለ ውሃ ከድንጋዩ ጋር ኦክስጅን ይለዋወጣል፤ የኦክስጅኑ አሻራ ይለወጣል። የዲዩቴሪየሙ አሻራ ግን ይቆያል። በእሱም ውሃው ከስምጥ ሸለቆው ዳር ባሉ ከፍታዎች ላይ የዘነበ ዝናብ መሆኑ ታወቀ።

የዝናብ አሻራ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደመና ወደ ላይ ሲወጣ ከባዱ ውሃ ቀድሞ ስለሚዘንብ፣ በከፍታ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ዲዩቴሪየሙ ያንሳል፤ በዓለም ላይ በብዙ ቦታ በየ100 ሜትሩ ከሺህ ከ1 እስከ 4 እጅ ይቀንሳል። ውሃ ሲተን ደግሞ ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፤ ከባዱ ይቀራል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በዲዩቴሪየም የበለጸጉት ለዚህ ነው።

ግን የሌላ አገር ቁጥር አምጥተን በኢትዮጵያ ላይ መለጠፍ አንችልም። አዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የዝናብ አይሶቶፕ መረብ ውስጥ ከቀደምት ጣቢያዎች አንዷ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ ዝናቧ በዲዩቴሪየም ድሃ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው ግን ባልተጠበቀ ሁኔታ የበለጸገ ዝናብ ነው። ሰይፉ ከበደን የመሳሰሉ የአገራችን የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች ይህን ለመፍታት ጽፈዋል፤ ደመናው ከየትኛው ባሕር እንደተነሣ፣ በመንገዱም ከእጽዋትና ከረግረግ በተነነ ውሃ ምን ያህል እንደታደሰ የሚመለከት ጥያቄ ነው።

ወደ መንዝ ስንመጣ ጓሳ አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የሣር ምድር ነው፤ መንዞች በራሳቸው የጋራ ደንብ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውታል። የአባይና የአዋሽ ተፋሰሶች የሚለያዩትም በዚያ ነው፤ አንዱ ጠብታ ወደ ምዕራብ፣ ጎረቤቱ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ከዚህ ደጋ እስከ ጀማ ሸለቆ ግርጌ ድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ታዲያ በቁልቁለቱ ወገብ ላይ የሚፈልቅ አንድ ምንጭ ውሃውን ያገኘው ከአጠገቡ ካለው ማሳ ነው ወይስ ከላይ ከደጋው? ለምንጩ ጠጪዎች ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ውሃው ከቅርብ ከሆነ እርከኑና አጥሩ በቅርብ ይሠራል፤ ከላይ ከሆነ ግን የላይኛው ሣርና ቁጥቋጦ ሲመነጠር የታችኛው ምንጭ ይነጥፋል። ምንጩን አጥረው ደጋውን ከረሱት ድካሙ ከንቱ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚደረገው እንዲህ ነው። በተለያየ ከፍታ ላይ የዝናብ ውሃ በየወሩ ይጠራቀማል፤ የምንጮቹ ውሃም በበጋና በክረምት ይቀዳል፤ ከዚያ ይነጻጸራል። አቀዳዱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላል፤ አየር ሳይቀርበት በደንብ ይከደናል። ክዳኑ ከላላ ውሃው ይተናል፤ ከአየሩ እርጥበት ጋርም ይለዋወጣል፤ የምንጩ አሻራም በመንገድ ላይ ይጠፋል። እዚህ ላይ የሚያበላሸው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ የክዳን ጉዳይ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የአካባቢውን መንገድ፣ የምንጩን ስምና የክረምቱን ጠባይ የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ከማንም በላይ ያስፈልጋል።

ለወንድማችን

እንግዲህ ወንድማችን፣ ለጥያቄህ መልሳችን ይህ ነው። ያቺ ከኦክስጅን ጋር ያለች ሃይድሮጂን ቦታዋን ትለቃለች፤ ስለዚህ የከሳ ሰው ስንለካ አራት በመቶውን እናርማለን። ከካርቦን ጋር ያለችው ትቆያለች፤ ስለዚህ ሞለኪውሉን እንለይበታለን። በድንጋይ ውስጥ ደግሞ የምትለዋወጠውን ስለማታገኝ፣ የቀየት ገበሬ የሚጠጣው ምንጭ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ መልስ ይዛ ትወርዳለች። ጠያቂው አንተ ብትሆን ደስታችን ነው።

በሚቀጥለው የማጠናከሪያ ጊዜ፣ ኢንሻአላህ፣ እያንዳንዳችሁ ከምትማሩት ትምህርት አንድ ሞለኪውል ይዛችሁ ኑ። ሃይድሮጂኖቹን እንቁጠር፤ የሚለወጡትን በቀይ፣ የማይለወጡትን በሰማያዊ እናክብብ። ያልገባውም ሰው አይፈር፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈን አንድ ያላፈረ ጥያቄ ነው።